የሮኬት ቀለምና የውርጌሳ ተማሪዎች ክርክር

ሮኬት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው እሳቱና ጢሱ፣ የሚሰማውም ነጐድጓዱ ነው። ስለ ቀለሙ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን የሮኬቶችን ፎቶግራፍ በጥሞና የተመለከተ ሰው አንዱን እንደ ዳማ ገበታ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለተኛውን ከአናቱ እስከ እግሩ ነጭ፣ ሦስተኛውን ደግሞ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ሲያገኘው «ይህ ሁሉ ለጌጥ ነውን?» ማለቱ አይቀርም። ለጌጥ አይደለም። እኛም ዛሬ ስለዚሁ ቀለምና ምልክት፣ ይልቁንም የሮኬት አምሳያ ሠርተው ቀለሙን በልኩ ለማሳረፍ ስለሚደክሙ ወጣቶች ጥቂት ለመናገር አስበናል። ነገሩ የልጆች ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር እስከ መካከሉ ድረስ ይታገሠን።

በመጀመሪያ ዳማውን እንመልከት። መስከረም 23 ቀን 1935 ዓ.ም. ጀርመኖች በባልቲክ ባሕር ዳር ፔነሙንደ ከተባለው ስፍራ ያስወነጨፉት፣ በኋላም ቪ-2 የተባለው ሮኬት ጥቁርና ነጭ ተቀብቶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንደ ቧንቧ ክብ የሆነ ነገር በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ከተቀባ፣ በራሱ ዘንግ ላይ ቢሽከረከርም ባይሽከረከርም ከሩቅ ለሚያየው ሰው ልዩነት የለውም። ጥቁርና ነጩ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ከምድር የሚከታተለው ካሜራ ጥቁሩ መቼ እንዳለፈ፣ ነጩም መቼ እንደ ተተካ በፊልሙ ላይ ያስቀራል፤ መሐንዲሱም ከፊልሙ ላይ ሮኬቱ ምን ያህል እንደ ዞረ ያሰላል። ስለዚህ ዳማው መለኪያ እንጂ ጌጥ አልነበረም።

ያው ሮኬት ከሙከራ ወጥቶ ለንደንንና አንትወርፕን እንዲደበድብ ወደ ጦር ሜዳ በተላከ ጊዜ ደግሞ ዳማው ቀረ፤ የጠላት ዐይን እንዳያርፍበት የመሬትና የቅጠል ቀለም ተቀባ። በዶራ የእስረኞች ሠፈር ተይዘው ሮኬቱን በግዳጅ ሲሠሩ የነበሩትም ሰዎች በብዙ ሺህ የሚቈጠሩት እዚያው አለቁ። ለመታየት የተቀባውና ለመሰወር የተቀባው ሮኬት አካላቸው አንድ ነው፤ የተላኩበት ጉዳይ ግን ለየቅል ነው። ይህንን ነገር አንባቢያችን ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ከጦርነቱ በኋላ የቪ-2 ዋና መሐንዲስ ቬርነር ፎን ብራውን ከባልደረቦቹ ጋር ወደ አሜሪካ ሲሻገር ጥቁርና ነጩም አብሮት ተሻገረ። በአላባማ፣ ሀንትስቪል ከተማ የተሠሩት ሮኬቶች ይህንኑ ልብስ ለብሰው ታዩ። ጥር 23 ቀን 1950 ዓ.ም. የአሜሪካን የመጀመሪያ ሳተላይት፣ ኤክስፕሎረር 1ን ይዞ የወጣው ሮኬት በጎኑ ላይ ዩ እና ኢ የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት በትልቁ ተጽፈውበት ነበር። የሮኬቱን ተራ ቍጥር በግልጽ ላለመጻፍ ሲሉ የሀንትስቪልን ስም ፊደላት፣ የተደገመውን ኤል አንዱን ጥለው፣ ከ1 እስከ 9 ቈጠሯቸው፤ ለዜሮ ኤክስን መደቡ። በዚህ ቈጠራ ዩ 2 ነው፤ ኢ ደግሞ 9 ነው፤ ስለዚህ ሮኬቱ 29ኛው ነበር። እንዲህ ያለውን ምሥጢር ዛሬ በብሩሽ ጫፍ በአምሳያው ላይ የሚጽፍ ልጅ አንድ ትንሽ የታሪክ መጽሐፍ ጻፈ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5ም 110 ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ያለው ነጭ ግንብ ሆኖ፣ ጥቁር መደቦች በየወገቡ ተቀብተውበት፣ የአገሩ ስም በቀይ ፊደል አንዱ ከአንዱ በታች ተደርድሮ ተጽፎበት ነበር። እዚህ ላይ አምሳያ ሠሪዎችን ብዙ ጊዜ ያሳሳተ ነገር አለ። በመጀመሪያ ለልምምድ ብቻ ተሠርቶ በቆመው፣ 500ኤፍ በተባለው ሮኬት ላይ በታችኛው ደረጃ በሁለቱ ጋኖች መካከል ያለው ወገብ ጥቁር መደብ ነበረበት። ጥቁር ቀለም የፀሐይን ሙቀት ስለሚስብ ውስጡ ከመጠን በላይ ሞቀ፤ ወደ ሰማይ በወጡት ሮኬቶች ላይ ያ ስፍራ ነጭ ሆነ። አንዳንድ የፕላስቲክ አምሳያ ሻጮች ግን የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ተከትለው ስለ ሠሩ፣ ፈጽሞ ያልበረረውን ሮኬት ልብስ ጨረቃ ለደረሰው ሲያለብሱ ኖረዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የጠፈር ነገር ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የስሚዝሶንያን ተቋም ሳተላይቶችን በሌሊት የሚከታተልበት ቤከር-ነን የተባለ ታላቅ ካሜራ በደብረ ዘይት ተተክሎ ነበር። ሆኖም የራሳችን የሆነ ነገር ወደዚያ የወጣው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የምድር ቃኚ ሳተላይት በሰሜን ቻይና ከታይዩዋን ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ተወነጨፈች። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሁለተኛዋ ሳተላይት ከዌንቻንግ በሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያ በረራ ተከተለች። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ ልጅ የሮኬት አምሳያ ልሥራ ቢል ቢያንስ ሁለት ሮኬቶች በታሪኩ ውስጥ አሉለት፤ ሳተርን 5ን ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም።

ይህንን የተረዱ ተማሪዎችን ያገኘነው ውርጌሳ ላይ ነው። ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ውጫሌን አልፈው መርሳ ሳይደርሱ የምትገኝ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። የጭነት መኪና የሚያልፍባት፣ ነጂውና ረዳቱ ሻይ የሚጠጡባት፣ ጎማና ቦዲ የሚጠገንባት የመንገድ ከተማ ናት። ስምንት ተማሪዎች ከአንድ ወጣት የፊዚክስ መምህር ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ሎንግ ማርች 4ቢን ከፕላስቲክ ቱቦ እየሠሩ አገኘናቸው።

መጠኑን የወሰነው መምህሩ ሳይሆን የገበያው ቱቦ ነው። የእውነተኛው ሮኬት ወገብ ዲያሜትር 3 ሜትር ከ35 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከቧንቧ ሠራተኛ የተለመነው ቱቦ ደግሞ 63 ሚሊ ሜትር። 3350ን ለ63 ሲያካፍሉት 53 ከጥቂት ይመጣል፤ ስለዚህ አምሳያው ከዋናው 53 ጊዜ ያነሰ ነው ማለት ነው። 45 ሜትር ያህል የሆነው ቁመት ወደ 85 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ሦስተኛው ደረጃ ወገቡ ቀጠን ብሎ 2 ሜትር ከ90 ስለሆነ በአምሳያው 54 ሚሊ ሜትር ተኩል መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለ ቱቦ በገበያ ስለሌለ ከአሮጌ የቀን መቍጠሪያ ወረቀት በሙጫ ጠቅልለው ሠሩት። ይህ ሁሉ ስሌት በጥቁር ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሒሳብ ለምን ይጠቅማል እያሉ ለሚጠይቁ ተማሪዎች ያንን ሰሌዳ ብናሳያቸው ደስ ባለን።

ችግሩ የመጣው ከቀለሙ ላይ ነው። መጀመሪያ ያለ ዝግጅት በቱቦው ላይ ነጭ ቀለም ቀቡት፤ ሲደርቅም እንደ እባብ ቆዳ ተገፈፈ። በዚህ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ የመኪና ቦዲ የሚቀቡ አንድ ጎልማሳ ባለሙያ ተጠሩ። ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እኛም ከዚህ በኋላ እንደዚያው እንጥራቸው። ጋሼ ቱቦውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ልጆች፣ ይኼ የሚያንሸራትት ነገር ነው፤ ቀለም የሚይዘው የተቧጨረ ነገር ነው» አሉ። ቱቦው በብርጭቆ ወረቀት ታሸ፤ በሳሙና ታጠበ፤ ጐድጓዳው በስቱኮ ተሞላ፤ ደርቆም እንደገና ታሸ። ከዚያ ግራጫ የሆነው የመጀመሪያ ቅብ፣ ከዚያም ነጩ፣ በአንድ ጊዜ ወፍራም ሳይሆን ስስ ስስ ሆኖ ሦስት ጊዜ ተረጨ። ወፍራም ቅብ ይወርዳል፤ የወረደውን ለማስተካከል የሚጠፋው ጊዜ ደግሞ ስስ ቅቦቹ እስኪደርቁ ከመጠበቅ ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ጋሼ ያስጠነቀቁት በዘይት ቀለም ላይ በቲነር የሚቀጥነውን የመኪና ቀለም መርጨት ነው፤ ቲነሩ ከሥር ያለውን ቀለም ይበላውና እንደ አሮጌ ሰው ፊት ያጨማድደዋል።

ምልክቶቹን ከማስቀመጣቸው በፊት ጋሼ ልጆቹን በአንድ ቁራጭ ቱቦ ላይ ዳማውን እንዲለማመዱ አዘዟቸው። የሥራው ዋና ምሥጢር መሸፈን ነው፤ ቀለም እንዲያርፍ የማይፈለግበትን ስፍራ በወረቀት ፕላስተርና በጋዜጣ መጋረድ ነው። (አንባቢ አይታዘበን፤ ጋዜጣችን ከተነበበ በኋላ የሚያገኘው ሌላ ክብር ይህ ነው፤ የአይሱዙ መስተዋት ይሸፍናል።) ነገር ግን ክብ ቱቦ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ማስመሪያ ላለውም ሰው አስቸጋሪ ነው። መላው እንዲህ ነው፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ የወረቀት ጥብጣብ በቱቦው ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ጫፍና ጫፉ ሳይዛነፍ ከገጠመ መስመሩ በእርግጥ ክብ ዞሯል ማለት ነው። የቱቦው ዙሪያ 198 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጥብጣቡን ለአራት ቢያጥፉት እያንዳንዱ መደብ 49 ተኩል ይሆናል። ቁም ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ ወግቶና አስምሮ ሳይጨርስ ቀለም እንደማይነክር ሁሉ፣ እዚህም የመጀመሪያው ሥራ የእርሳስ ነው።

ፕላስተሩ ከጥቅሉ እንደ ወጣ አይለጠፍም። ጠርዙ አቧራና ፀጉር ይዟልና በመስተዋት ላይ ዘርግተው በምላጭ አዲስ ጠርዝ ያወጡለታል፤ በመስተዋቱ ላይ አንዴ መለጠፉም ኃይሉን ይቀንስለታልና በሚነሣበት ጊዜ ነጩን ቀለም ይዞ አይነሣም። ከተለጠፈ በኋላ ጠርዙ በጥፍር ይታሻል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ጥቁሩ ቀለም በጠርዙ ሥር እየሾለከ ነጩን ያበላሸዋል። እዚህ ላይ ጋሼ ያሳዩት ዘዴ እኛን በጣም አስደነቀን፤ ጥቁሩን ከመርጨታቸው በፊት በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ ያንኑ ነጭ ቀለም በስሱ ረጩበት። የሚሾልክ ነገር ቢኖር ነጩ ሾልኮ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ነጭ በነጭ ላይ ቢሾልክ ማን ያየዋል? ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥቁር መግቢያ አያገኝም። ፕላስተሩም ቀለሙ ድንጋይ እስኪሆን ሳይጠበቅ፣ ወደ ራሱ እየታጠፈ በዝግታ ይነሣል። ሲነሣ የወጣው መስመር በምላጭ የተቈረጠ ይመስል ነበር፤ ልጆቹም አጨበጨቡ።

በዚሁ መካከል ነው ልጇን ፍለጋ የመጣች አንዲት እናት በበሩ ላይ ቆማ «ምነው ልጆች፣ ሮኬት የሚባል ነገር ሰምተን የጠገብን አልነበርን?» ያለችው። የተናገረችው በቀልድ አልነበረም። ያ አካባቢ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት የረገጠው ነው፤ የከባድ መሣሪያን ድምፅ ከዚያ አካባቢ ልጆች መካከል ያልሰማ ጥቂት ነው። መምህሩ ለጊዜው መልስ አጣ። መልስ የሰጣት ከልጆቹ አንዱ ነው፤ ቁራጩን ቱቦ አንሥቶ «እማማ፣ የሚገድለው እንዳይታይ ነው የሚቀባው፤ ይኼኛው ግን ሁሉም እንዲያየው ተብሎ የተቀባ ነው» አላት። እርስዋም ዳማውን አገላብጣ አየችና «እንግዲያስ በደንብ ቅቡት» ብላ ልጇን ሳትወስደው ሄደች። መምህሩ የቪ-2ን ታሪክ አስቀድሞ ነግሯቸው ኖሯል።

ወደ ዋናው ክርክር የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። የሎንግ ማርች አካል ነጭ ነው፤ በላዩም የቻይና ቀይ ባንዲራና «የቻይና የጠፈር በረራ» የሚል ትርጕም ያላቸው አራት የቻይና ፊደላት አሉ። አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ሳተላይቷ የእኛ ናት፤ ታዲያ በሮኬቱ ላይ የራሳችንን ባንዲራ ብንቀባ ምን አለበት? ጎብኚ ሲመጣም ያምራል» አለ። ግማሾቹ ደገፉት። አንዲት ተማሪ ግን «ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ከቀባን ሮኬቱ ሌላ ሮኬት ሆነ እኮ» ብላ ተከራከረች። ነገሩ እየጋለ ሄደ፤ «አገር አትወጂም» እስከ መባባልም ደረሰ። ጋሼ ቲነር በነካው ጨርቅ እጃቸውን እየጠረጉ «እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አይሱዙ የእኔን ማሽላ ጭኖ ወልድያ ቢገባ በሩ ላይ የእኔ ስም ይጻፋል እንዴ?» አሉ። ሳቅ ሆነ፤ ክርክሩም ግማሽ በግማሽ በዚያው ተቈረጠ።

እኛ ከልጅቷና ከጋሼ ጋር ነን። ያ ሮኬት የቻይና ነው፤ ዋናው ጭነቱም ቻይናና ብራዚል በኅብረት የሠሩት ሳተላይት ነበር፤ የእኛይቱ ከአብረው ተሳፋሪዎች አንዷ ነበረች። ከወጪዋም አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም በሥራው ተካፍለዋል። ይህ እንዳለ ቢነገር የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የሚያሳፍረው በሰው ሮኬት ላይ የራስን ባንዲራ ቀብቶ ለጎብኚ ማሳየት ነው፤ ያየው ሕፃን እውነት ብሎ ይይዘዋልና። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን መሥሪያ ቤት የገባን ወጣቶች ይህንን ነገር ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ሌላው የሠራውን ሥራ የራስን ማኅተም አሳርፎ በሪፖርት ላይ ማስቀመጥ ቀለም የማይጠይቅ የባንዲራ ቅብ ነው።

ባንዲራው ግን አልቀረም። ከሐሳቡ ባለቤት ከራሱ ከተማሪው የመጣ መፍትሔ ነው፤ አምሳያው የሚቆምበት እንጨት የውርጌሳ አናጺ ሥራ ስለሆነ ባንዲራው በመቆሚያው ላይ ይሁን፤ ከሥሩም ሳተላይቷ የወጣችበት ቀንና የሮኬቱ ስም ይጻፍ አለ። የአቀባቡንም ሥርዓት አየን። ሦስቱን ቀለሞች በተራ ከላይ ወደ ታች የሚቀባ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ ነጩ መደብ በሙሉ ብጫ ይሆናል፤ ብጫ ከሦስቱ ቀላሉ ነውና በአረንጓዴና በቀይ ላይ ቢያርፍ አይሸፍናቸውም። ብጫው ሲደርቅ መካከሉ ይሸፈንና አረንጓዴው ከላይ ይረጫል፤ ቀጥሎ አረንጓዴውና ብጫው ተሸፍነው ቀዩ ከታች ይከተላል። በመካከሉ የሚያርፈውን ሰማያዊ ክብና ኮከብ ግን በዚያ መጠን በምላጭ ቈርጦ ማውጣት ስለማይቻል በወረቀት አትመው ሊለጥፉት ወሰኑ።

አንዱ ልጅ አምሳያው መብረር ይችል እንደሆነ ጠየቀን። ይህኛው አይበርም፤ ቱቦው ከባድ ነው። በውጭ አገር የሚበሩት አምሳያዎች አካላቸው ካርቶንና ቀላል እንጨት ነው፤ ጅማሬውም እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ፣ ነብራስካ፣ ኖርፎክ በምትባል ከተማ ኦርቪል ካርላይል የተባለ የጫማ ሱቅ ባለቤት የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በዩጎዝላቪያ፣ ቭርሻጽ ከተማ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተደርጓል። እውነተኛውን ሮኬት አስመስሎ በመሥራት ውድድር ዳኞቹ መጀመሪያ አምሳያውን ከፎቶግራፍና ከንድፍ ጋር እያስተያዩ ቀለሙንና ምልክቱን ይመዝናሉ፤ ቀጥሎም መብረር አለበት። ስለዚህ እዚያ ቀለም ሁለት ጊዜ ይታሰባል፤ ያምራል፣ ደግሞም ይከብዳል። የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ትልቁ የነዳጅ ጋን እ.ኤ.አ. በ1981 በሁለቱ የመጀመሪያ በረራዎች ነጭ ተቀብቶ ነበር፤ ከሦስተኛው ጀምሮ፣ በ1982፣ ሳይቀባ በብርቱካን መልኩ ተተወ። በዚህ ብቻ 272 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ቀነሰ፤ ይህም የእኛን የመጀመሪያ ሳተላይት ሦስት እጥፍ ያልፋል። ልጁ ይህንን ሲሰማ የቀለሙን ቆርቆሮ አንሥቶ በእጁ መዘነው።

በዚያ ቅዳሜ ነጩ አልቋል፤ ቀዩ መደብ ተቀብቷል፤ ባንዲራውም በመቆሚያው ላይ ይደርቅ ነበር። የቀሩት ፊደላቱ ናቸው። ከፎቶግራፉ በቀጭን ወረቀት ይገለበጣሉ፤ በፕላስተር ላይ ይነደፋሉ፤ በምላጭም ይቈረጣሉ። ሦስተኛው ፊደል መስመሩ የበዛ ስለሆነ ፕላስተሩ እየተቀደደ ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ ነበር፤ ስለ ፎቶው የተከራከረችው ተማሪ በአዲስ ምላጭ ለአራተኛ ጊዜ ስትጀምረው እኛ የወልድያው መኪና ደርሶ ተሳፈርን።